የጊሽጣ ዘመዶችና አንድ የተጠረጠረ ዛፍ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንበሮቹን ከቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ተሸክማችሁ ላመጣችሁ፣ ኬኩን ላዘዛችሁ፣ ይህን የአበባ እቅፍ ላስመጣችሁልኝ። እቅፉ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። ቅጠሉና አበባው የአንድ ተክል አይደሉም። በቀጭን ሽቦ ታስረዋል። የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁልኝ።

ክቡር ዳይሬክተር ስለ እኔ የተናገሩትንም በጥሞና ሰማሁ። «ከማንም ጋር ተጋጭታ የማታውቅ» ሲሉ ከኋላዬ ሌላ ጡረታ የሚወጣ ሰው እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። የለም። እንግዲህ ወይ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ከእኔ የሚፈለግ ነገር አለ። ሰው በአንዴ እንዲህ ደግ ሲሆንልኝ ዓይነ ውሃው አያምረኝም። የቁምሳጥኖቹን ቁልፍ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ዛሬ ጠዋት ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ።

«እትዬ ጥርጥር» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የማልሰማ እየመሰላችሁ በኮሪደሩ ስታንሾካሹኩት ኖራችኋል። ስሙን ማን እንዳወጣልኝም አውቃለሁ። በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ ነው። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ዛሬ ቤተሰቦቻችሁን ይዛችሁ መጥታችኋልና፣ እዚህ ቤት ምን እንደምንሠራ ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የደረቀ ቅርንጫፍ በወረቀት ላይ እንሰፋለን፤ ማን እንደሆነ እንመረምራለን፤ ስሙን ጽፈን ቁምሳጥን ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ባለቤቴ፣ ያው ፊት ለፊት የተቀመጠው፣ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ሾፌርነት የጨረሰ ሰው ነው። ቢሮዬን መጀመሪያ ያየ ዕለት በሮቹን ሁሉ ከፍቼ አስጎበኘሁት። ሁሉንም አየና፣ «በየማለዳው እየተጣደፍሽ የምትወጪው ለዚህ ገለባ ነው?» አለኝ።

አዎ፣ ለዚህ ገለባ ነው።

የእኔ ድርሻ የጊሽጣ ቤተሰብ ነበር። ጊሽጣን በልታችሁ ፍሬውን ተፍታችሁ ታውቃላችሁ። አምበሾክም የቅርብ ዘመዱ ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት ግን በሞቃታማው የዓለም ክፍል ደን ሁሉ ተበትነዋል። ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። አንገት ቀና አድርጎ ጫፉ የማይታይ ዛፍ አለ፤ ከወገብ የማያልፍ ቁጥቋጦ አለ፤ ሌላው ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግም አለ። ከአንዱ አበባ ሽቶ ይጨመቃል፤ የሌላው አበባ አጠገቡ ያለን ሰው አፍንጫ ያስይዛል። ታዲያ ዘመዳሞች መሆናቸው በምን ይታወቃል? ቅጠላቸው በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይወጣል። ልጣጫቸው ሲሳብ እንደ ገመድ ይተለተላል። አበባቸውን ከፍታችሁ ብትቆጥሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በሦስት በሦስት ነው የሚሄደው፤ ሦስት ሽፋን፣ ሦስት የውጭ ቅጠል፣ ሦስት የውስጥ ቅጠል።

አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው። ሁልጊዜ የሚል ሰው አላምንም።

የብዙዎቹ አበባ ወፍራምና ሥጋማ ነው። ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ጥንዚዛን ይጠራል። ጥንዚዛው ሲገባ ገጠም ይልበትና እዚያው ያቆየዋል፤ ብናኙን አሸክሞ ነው የሚለቀው። ይህን ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ ለግብዣ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ቅር እንዳይላችሁ።

መጠርጠርን ያስተማረችኝ የመጀመሪያዋ አለቃዬ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ሥራ በገባሁ ሰሞን አንድ ቅርንጫፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ፣

«ይህ ማነው?» አለችኝ።

«የጊሽጣ ዘመድ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ቅጠሉ።»

«ቅጠል ይዋሻል። ሌላ ምስክር አምጪ።»

ልጣጩን ልጬ አሳየኋት። «እሱም ይዋሻል፣ ሌላ አምጪ» አለች። አበባ ፈልጌ በምላጭ ሰነጠቅሁና በአጉሊ መነጽር እያየሁ ቆጠርኩላት። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። «ስንቱን አበባ አየሽ?» አለች። «አንድ።» «ሌሎቹንስ ማን ይይልሽ?» ብላኝ ሄደች። የዚያን ዕለት እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ሌሎቹን አበቦች አየኋቸው።

አሁን ወደ ሻይ አማሳዩ ልመለስ።

በእኛ ሙያ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ልዩነት ባየ ቁጥር «ይህ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው» እያለ ይለያል። ያ እኔ ነኝ። ሌላው ደግሞ «ተዪው እባክሽ፣ ያው ነው፣ ጥላ ሥር ስላደገ ነው ቅጠሉ የሰፋው» እያለ የተለያየውን ሁሉ መልሶ ባንድ ስም ይጠቀልላል። ያ እሱ ነው። ስም ስላወጣልኝ እኔም «አስታራቂው» ብዬ አውጥቼለታለሁ። የተፋታ ዝርያ ሁሉ እሱ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይታረቃል።

አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አረጀን። «ተመልከት፣ ይሄኛው ቅጠሉ ሥር ጸጉር አለው» እለዋለሁ። «እኔም በወጣትነቴ ነበረኝ፤ ያኔ ሌላ ዝርያ ነበርኩ?» ይለኛል። እኔ የለየሁትን እሱ ይቀላቅላል፤ እሱ የቀላቀለውን እኔ ቆይቼ እለያለሁ። ተጨቃጭቀን ምሳ ሳንበላ የዋልንበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን «እውነትሽን ነው» ብሎኝ አያውቅም። ከአፉ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና «ለጊዜው ይሁን» ነው።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ስለ ኮረብታው ዛፍ በጨረፍታ ሰምታችኋል። ግማሹን በተሳሳተ መንገድ ነው የሰማችሁት። እኔ እያለሁ ከእኔ ስሙት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነበር። ኮረብታውን አፍርሰው ጠጠር ሊያወጡበት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ላዩ ላይ ያለው ደን ይጠና ተባለና ሥራው ወደኛ መጣ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር፣ አሁን ሌላ ቦታ የተዛወሩት ማለቴ ነው፣ እኔን መደቡኝ። እኔም ገና ከመነሳቴ በፊት ቢሮአቸው ገብቼ፣ «አንድ ነገር ይወቁልኝ፣ የባለቤቴ እህት ከኮረብታው ሥር ነው የምትኖረው» አልኳቸው። «የዛፍ ጥናት ነው እንጂ የርስት ክርክር አይደለም፣ ሂጂ» አሉኝ።

ሄድኩ። ቀናት ስንከራተት ከረምኩና አንድ ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ አንድ ዛፍ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ዛፉ የጊሽጣ ዘመድ ለመሆኑ ቅጠሉም ልጣጩም ይናገራል፤ ማንነቱን ግን አላወቅሁትም። አበባ የለውም። ቀና ብዬ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ብቃኝ የለም። አንድ የሞተ አይጥ የመሰለ ሽታ ግን መጣብኝ። ሽታውን እየተከተልኩ የረገፈውን ቅጠል በእንጨት ስገልጥ፣ ከመሬት ጥቁር ቀይ አበባ ወጥቶ አየሁ። ግንድ የለው፣ ቅጠል የለው፣ ብቻውን። ተንበርክኬ ቆጠርኩት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት።

አበባውን ቀስ ብዬ ስስበው እንደ ጅራፍ የቀጠነ እንጨት አብሮ ተሳበ። ከረገፈው ቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይጓዛል። ተከተልኩት። መጨረሻው ተደግፌው የነበረው ግንድ ሆነ። ሰው የዛፉን አበባ ቀና ብሎ ይፈልጋል፤ እሱ አበባውን እግራችን ሥር ነው የደበቀው።

ከላይ ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ከታች ጅራፉን ቆረጥኩ። ከግንዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ሥርና ድንጋይ የተወሳሰበበት ነበርና፣ ግንዱን ላለማቁሰል ራቅ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ፎቶም አነሳሁ። ፎቶው የሚያሳየው የተከመረ ቅጠልና አንድ ቀይ ነገር ነው።

ቢሮ ተመልሼ አድርቄ ስጨርስ አስታራቂውን ጠራሁት። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«መጋጠሚያው የታለ?» አለ።

«ግንዱ ላይ።»

«ግንዱስ?»

«ኮረብታው ላይ ነዋ።»

«እንግዲያው እኔ ያየሁት ሁለት ተክል ነው» ብሎኝ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

አነጋገሩ አንጀቴን አሳረረው። ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ቢያንስ በቢሮ ውስጥ። ሪፖርቱንም ገና መጻፍ መጀመሬ ነበር። ታዲያ ሳምንት ሳይሞላ የካባው መሐንዲስ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ሲወጣ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ዘንጦ የሚለብስ ሰው ነበር፤ ጫማው ያበራል። ፈገግ ብሎ፣ «ከመሬት የሚያብብ ዛፍ አገኙ አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎ» አለኝ።

ማን ነገረው?

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። ከእኔ ሌላ ናሙናውን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስልክ ሲደወልለት ተነስቶ ኮሪደር ይወጣል። ድሮም ይወጣ ነበር? አላስታውስም። ስገባ መሳቢያውን ይዘጋል። ጠዋት ስመጣ የናሙናዬ አቃፊ ጀርባው ወደፊት ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እኔ ደግሞ አቃፊ አገላብጬ አስቀምጬ አላውቅም። ቁምሳጥኑን መቆለፍ ጀመርኩ። በበሩ ላይ ማንም የማያየው ቀጭን ክር አሰርኩ፤ የከፈተ ሰው ካለ ክሩ ይበጠሳል። በማግስቱ ክሩ የለም። ደሜ ፈላ። የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና፣ «እትዬ፣ በርሽ ላይ ሸረሪት አድርታብሽ ጠርጌልሻለሁ» አለችኝ።

ከእሷ ጀምሮ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋን ጠረጠርኩ። ጥበቃውን ጠረጠርኩ። ዳይሬክተሩ «ሪፖርቱን ቶሎ ጨርሺ» ሲሉኝ ለምን እንደቸኮሉ ጠረጠርኩ፤ «ተረጋግተሽ ሥሪው» ሲሉኝ ደግሞ ለምን እንዳልቸኮሉ። ከሁሉ በላይ ግን እሱን። ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ የኖረ ሰው ሸጦኝ ይሆን? ፊቱን ሳየው እንደ ወትሮው ነው። እንደ ወትሮው መሆኑ ራሱ አስጠረጠረኝ።

ከዚያ ነገሩ ዞረና የምጠረጠረው እኔ ሆንኩ።

ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ፣ መሐንዲሱ፣ አስታራቂውና እኔ ነበርን። መሐንዲሱ በጣም በትሕትና ነው የተናገረው። «ክብርት ባለሙያዋ ከኮረብታው ሥር ዘመድ እንዳላቸው ሰምተናል። የአንዱን ዛፍ ቅጠልና የሌላውን ተክል አበባ አንድ ወረቀት ላይ መስፋት ደግሞ፣ ለባለሙያ ከባድ አይመስለኝም።»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞርኩ።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ስለ ባለቤቴ እህት ነግሬዎት አልነበረም?»

እሳቸው እስክሪብቷቸውን እያገላበጡ ያያሉ። «አንድ ነገር ያልሽኝ ይመስለኛል» አሉ።

ሰማይ ተደፋብኝ። በሕይወቴ ሙሉ ቅጠልን ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ ወደ እኔ ዞረ። ማን ነሽ? ማን ነገረሽ? ሌላ ምስክር አምጪ። የመጨረሻ ተስፋዬን አስታራቂው ላይ ጣልኩ። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«መጋጠሚያውን አላየሁም» አለ። «ስላላየሁት አለ አልልም። የለም እንዳልልም ኮረብታውን አላየሁም። ሄደን እንይ።»

አንዲት መልካም ቃል ብትወጣው ምን ነበረበት? እሱ እንኳን ሰው ፊት አጋለጠኝ ብዬ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ።

በተቀጠረው ቀን አራታችንም በአንድ መኪና ሄድን። ኮረብታው ላይ ደርሰን እየመራሁ ወደዚያች ቦታ ወሰድኳቸው። ዛፉ ተቆርጧል። ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ቅርንጫፎቹ ተጎትተው ራቅ ብለው ተጥለዋል፣ ቅጠላቸው ጠውልጓል። ዙሪያውን ያለ ሌላ ዛፍ አንድም አልተነካም።

«ይህን ማን ቆረጠው?» አልኩ።

«ቀያሾቹ ይሆናሉ፤ እይታ ጋርዶባቸው ይሆናል» አለ መሐንዲሱ።

«ከዚህ ሁሉ ዛፍ መካከል?»

ለዚህ እስከ ዛሬም መልስ የሰጠኝ የለም። እኔ ግን የምጠረጥረውን አውቃለሁ፤ ጥርጣሬዬን ይዤው ነው ጡረታ የምወጣው።

አስታራቂው ኮቱን አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለና ከጉቶው ሥር ተንበረከከ። ቅጠሉን በመዳፉ እየገፋ ጅራፎቹን አገኛቸው። ጉቶው ላይ እስኪደርስ ተከተላቸው። «አበባው የዚህ ጉቶ ነው» አለ። መሐንዲሱ ወዲያው፣ «ቅጠሉስ? እዚያ የተጣለው ቅርንጫፍ ከዚህ ጉቶ ለመቆረጡ ምን ማስረጃ አለ?» አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል አስታራቂው፣ «ልክ ነው፣ የለም» አለና በዚያ በከተማ ጫማው ዳገቱን መውጣት ጀመረ።

ጠበቅነው። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። መሐንዲሱ ስልኩን ያያል። እኔ ጉቶውን አያለሁ። ስንትና ስንት ጊዜ ሙግት የገጠምኩት ሰው አሁን የእኔን ዛፍ ሊፈልግ ነው የሄደው ወይስ እንዳይገኝ ሊያደርግ? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እሱንም አሰብኩት።

ብዙ ቆይቶ ከላይ ድምፁ መጣ። ስንደርስ በሆዱ ተኝቷል። ሸሚዙ ጭቃ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል። ከፊቱ አንድ የቆመ ዛፍ አለ፣ ያው ዛፍ። ቅጠሉን በጣቱ ገልጦ ገልጦ አንዱን ጅራፍ ከአበባው እስከ ግንዱ ድረስ እርቃኑን አስቀርቶታል። እኔን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። መሐንዲሱን ነው የጠራው።

«ይምጡ። ጣትዎን እዚህ አበባው ላይ ያድርጉ።»

መሐንዲሱ ሱሪውን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ ተንበረከከ።

«አሁን እንጨቱን ሳይለቁ ይከተሉ።»

ያ ያማረ ሰው በጉልበቱ እየዳኸ፣ ጣቱን በጅራፉ ላይ እያሳለፈ ሄደ። ሥሩን አለፈ፣ ድንጋዩን አለፈ። ጣቱ ግንዱን ሲነካ ቆመ።

«ደረሰ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«መጋጠሚያው ይኸው ነው» አለ አስታራቂው። «አሁን ቀና ይበሉና ቅጠሉን ይዩ።»

ቅጠሉ ቢሮ ባለው ወረቀት ላይ ከሰፋሁት ቅጠል ጋር አንድ ነበር። ዳይሬክተሩም መሰከሩ። እስክሪብቷቸውን ይዘው አልመጡም ነበርና የሚያገላብጡት አጡ።

ስንወርድ ውሃ ጠምቶን የባለቤቴ እህት ቤት ጎራ አልን። ጎራ እንበል ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችንና በግድ አስገባችን። ውሃ ከቀዳች በኋላ መሐንዲሱን ለየችው። ወገቧን ይዛ፣ «አላልኩህም? ዛፍ ተገኝቷል፣ የትም አትገቡ ብዬህ አልነበረም?» አለችው።

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ። «ለእሱ አንቺ ነሽ የነገርሽው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ። ሊቀይስ ሲመጣ አፉን አስያዝኩት።»

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ወንድሜ ነዋ። ሚስቴ ከመሬት የሚያብብ ዛፍ አገኘች፣ ካባው ቀረላችሁ ብሎ ደወለልኝ። በኩራት እኮ ነው የሚያወራው።»

አያችሁት? ቢሮውን ሙሉ ስጠረጥር፣ በር ላይ ክር ሳስር፣ እራት እየበላሁ ያወራሁለትን ሰው ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም። አሁን ራሱን ደፍቶ የኬኩን ፍርፋሪ የሚለቅመው እሱ ነው። ዛሬ ማታ አሽከርክሮ ወደ ቤት የሚወስደኝም እሱ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በመኪና ስንመለስ አስታራቂው አጠገቤ ተቀመጠ። አቃፊዬን ያገላብጥ የነበረው እሱ መሆኑንም ያኔ ነው የነገረኝ። ገና ቁምሳጥኑን ሳልቆልፍ፣ የጅራፉንና የቅርንጫፉን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሲያስተያይ ሰንብቷል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ያየሁት አልበቃኝም ነበራ።»

«በስብሰባው ላይ አንዲት ቃል ብትደግፈኝስ?»

«ብደግፍሽ ኖሮ ሁለታችንም ተጠርጣሪዎች እንሆን ነበር» አለኝ። «እኔ የምጠቅምሽ ሳላምንሽ ነው።»

ቅር ልሰኝ ፈልጌ አልቻልኩም። መሐንዲሱ ጣቱን አበባው ላይ ያደረገው እኮ የጠራው እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ብጠራው በጄ አይለኝም ነበር። እኔ የምለውን በጭራሽ እንደማይቀበል የታወቀ ሰው ስለጠራው ነው የተንበረከከው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የኮረብታው የላይኛው ክፍል ታጥሮ ደኑ ቀረ። የታችኛው ሙሉ በሙሉ ተረፈ ብዬ አልዋሻችሁም፤ በመንደሩ ተቃራኒ ያለው ጎን ዛሬ ጉድጓድ ነው፤ ከአውቶቡስ መስኮት ይታያል። ዛፉ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። አስታራቂውም ፈረመበት። ከፊርማው በላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ገምቱ። «ለጊዜው።» በስሙ ልሰይመው ብዬ ነበር። «ነገ ከሌላ ጋር ስቀላቅለው የገዛ ስሜን ልሰርዝ እንዴ?» ብሎ እምቢ አለኝ።

አሁን እናንተ «ይኸው በስንብቷ ቀን ታረቁ» እያላችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ። ዛሬ ጠዋት፣ ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ።

«ያን የኮረብታውን ዛፍ እንደገና ላየው ነው» አለኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ባሕር ማዶ ካለ አንድ ዝርያ ጋር ይመሳሰላል። በጣም ይመሳሰላል። የዘረመል ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።»

«ይህን የምታደርገው እኔ በምወጣበት ቀን ነው?»

«ለዚህ ነው የነገርኩሽ» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። «ካንቺ በኋላ ማን ይከራከረኛል? እንዳትቀሪ።»

ክቡር ዳይሬክተር፣ እሱ ትክክል ከሆነ ኮረብታው የታጠረበት ዋናው ምክንያት ይወድቃል። አጥሩ እስኪነሳ የሚጠባበቁ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ በሁላችሁም ፊት ልናገር። ውጤቱ ሲመጣ እኔ እዚህ እገኛለሁ። የራሴን አጉሊ መነጽር ይዤ እመጣለሁ፤ የቢሮውን አላምነውም። ዛፉ የእኔ ሳይሆን ቢቀር ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ እስከዚያ ግን ሽንጤን ገትሬ ነው የምከራከረው። ስሙ ቢለወጥም እንኳ ያ ደን ለምን መቆም እንዳለበት ሌላ ምስክር ከአሁኑ ፈልጉ። እዚያ ላይ ገና ማንም ያልጠየቃቸው ብዙ ዛፎች አሉ።

ውድ ተተኪዬ፣ «ያልታወቁ» የሚለውን ቁምሳጥን ትቼልሽ ሄጃለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ትተውልኝ ነበር፤ እኔም ጨመርኩበት። አትፍሪው። እኔ የጻፍኳቸውንም ስሞች አትመኛቸው፤ ከፍተሽ እይ። ስህተት ያገኘሽ ቀን ደውዪልኝ። እቆጣለሁ፣ ከዚያ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።

የጽዳት ሠራተኛችን፣ አቧራውን ከነሸረሪቱ ስትጠርጊልን የኖርሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጥበቃዎቻችን፣ ጸሐፊዎቻችን፣ ሾፌሮቻችን፣ ሁላችሁንም በየተራ ጠርጥሬያችኋለሁና ሁላችሁንም በየተራ እመርቃለሁ። ቤታችሁ ይሙላ። ልጆቻችሁ ከእናንተ ይብለጡ። እጃችሁ የነካው ይቅና። ዓይናችሁ እስከ እርጅና አይድከም፣ ጉልበታችሁም መሬት ወርዶ ለማየት አይስነፍ። ከኋላችሁ የሚያማችሁን ያርቅላችሁ፤ ፊት ለፊት ቆሞ «አላየሁም፣ አሳየኝ» የሚላችሁን ወዳጅ ግን ዕድሜውን ያርዝምላችሁ።

ኬኩን ቁረጡት። መጀመሪያ እናንተ ቅመሱ፣ እኔ አያችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።